ከጎማው የሚወጣው የመጀመሪያው ሽክና

ይድረስ ሀዋሳ ላለው ወንድሜ ለምሥጋናው፤

ወንድምዓለም፣ እንደምን ከርመሃል? እንደምንስ ሰንብተሃል? በርሜል ስታነሳ የሚይዝህ ወገብህ ተወህ ወይስ አሁንም እንደ ሽማግሌ ግድግዳ ተደግፈህ ነው የምትነሳው? ባለቤትህ ማኅሌት እንዴት ናት? ትንሿ ምሥራቅስ ጥርስ አወጣች? የሐይቁ ትንኝ ንክሻ ከልጅቱ ፊት ጠፋላት? እኔ እህትህ አልጣሽ፣ ባለቤቴ ከፋለ፣ እናታችንም በሕይወት አለን፤ ለዚህ አምላክ ይመስገን። «ሁላችንም ደኅና ነን» ብዬ ልጽፍልህ ነበር፤ እጄ ግን አልታዘዝ አለኝ። ምክንያቱን ወደ ታች ስትወርድ ታገኘዋለህ።

አስቀድሜ ደስ የሚለውን ላውጋህ። ገብሱ ከውርጭ የተረፈው ደኅና ነው፤ አጭደን ከምረነዋል፣ ውቂያው ይቀራል። ግራጫዋ በቅሎ አሁንም ከኔ በቀር ማንንም አታስቀርብም። ከተማው ለገና መዘገጃጀት ጀምሯል፤ ትናንት ከወገል ጤና በእግራቸው የመጡ ምእመናን በደጃችን ሲያልፉ ውኃ አጠጣኋቸው፤ አንዷ አሮጊት «ልጄ፣ ላሊበላ ገና ሩቅ ነው?» ብላ ስትጠይቀኝ ከተማው ከፊቷ ተዘርግቶ ነበር፤ ዐይኗ ፈዟል መሰለኝ። ያቺ ሻይ ቤት ያላት ገለቴ ደግሞ ፎቅ ልሥራ ብላ ደረጃውን ብቻ ጨርሳ ቆማለች። ሰው «ገለቴ ወደ ሰማይ የሚያስወጣ ደረጃ ሠራች፣ ማን ይቅደም?» እያለ ይስቅባታል። እሷ እቴ፣ ከደረጃው ላይ ተቀምጣ በርበሬ ትቀነጥሳለች።

አሁን ወደ ነገሬ። ደውዬ ልነግርህ ያልቻልኩት ኔትወርኩ ብቅ ብሎ ስለሚጠፋ ነው፤ ብቅ ሲልም እምዬ ጆሮዋን ከስልኩ አትነቅልም። ይህ ደግሞ እምዬ ሳትሰማ የሚነገር ነው። ከዚያም በላይ ከአንተ የምፈልገው መልስ በወረቀት ላይ መስፈር ያለበት፣ በሰው ፊት የሚነበብ መልስ ነው። ስለዚህ ይህን ደብዳቤ ለዲያቆን ቃለሕይወት ሰጥቼዋለሁ። ዘመዱን ሊጠይቅ ወደ አንተ አገር ይወርዳል፤ በሃያ እመለሳለሁ ብሎኛል። ይህን ስታነብ አጠገብህ ቁጭ ብሎ ይጠብቅሃል፤ ምግብ ስጠው፣ ጾመኛ ነው፣ ከዚያ መልሱን ሳታሳድር ጻፍልኝ።

ነገሩ ስለዚያ ስላመጣኸው የድራፍት ጎማ ነው።

አምና ለማኅበራችን ስትመጣ ከምትሠራበት ድራፍት ቤት ሊጣል ሲል ያገኘሁት ነው ብለህ ጎማውንና የነሐስ ቧንቧውን ጠቅልለህ አመጣህ። ታኅሣሥ ሃያ ሦስት የጊዮርጊስ ማኅበር በእኛ ቤት ተራው ነበር። የቤታችንን ሰማያዊ የፕላስቲክ በርሜል ከጓዳ ቆጥ ላይ አስቀምጠህ፣ ጎማውን በግድግዳው አሳልፈህ፣ ጫፉ ላይ ቧንቧውን አጥብቀህ ጠላውን ዳስ ድረስ ስታወርደው የነበረው ሳቅና ምርቃት አሁንም ጆሮዬ ላይ ነው። አያ ደግሰው፣ የማኅበሩ ሙሴ ሆነው ሃያ ዓመት ጽዋውን የመሩት ሰውዬ፣ ቧንቧውን እንደ ሕፃን ሲከፍቱ ሲዘጉ ቆይተው «ይህ ልጅ ጠላን እንደ ከተማ ውኃ በመስመር ዘረጋልን» አሉ። ዐሥራ ሁለቱም ቤቶች «ይህ ዕቃ ከጽዋው ጋር ከቤት ቤት ይዙር» ተባባሉ። አንተም «ይዙር» አልክ። እምዬ ያን ዕለት ቁመቷ የጨመረ መስሎኝ ነበር።

የሺሃረግም ነበረች። የኛ ሸክላ ሠሪ፣ የማኅበሩን ጋን ሁሉ በእጇ የሠራች፣ በዚያ በክፉው የጦርነት ዓመት ሦስት ቀን ከሸክላ መተኮሻ ጉድጓዷ ውስጥ አመድ አልብሳ የደበቀችህ የሺሃረግ። በርሜሉን በመዳፏ መታ መታ አድርጋ «ይህ ሰማያዊ ሆድ ጋኔን ጡረታ አወጣብኝ» ብላ ሳቀች። ሁላችንም ሳቅን፣ አንተም ከት ብለህ ሳቅህ። ይህችን ቃል ያዝልኝ፤ ዞራ ትመጣለች።

በማግሥቱ ማለዳ ወደ መኪናው ስትወጣ የነገርከኝን አልረሳሁትም። የፈላ ውኃ አሳልፉበት አልከኝ። ከዚያ ከጎማው ጋር ያመጣሁትን ነጭ የማጠቢያ ዱቄት በጥብጣችሁ ሙሉት፣ ቁርስ እስክትበሉ ድረስ ይቆይ፣ አፍስሳችሁ ሦስት ጊዜ በንጹሕ ውኃ አለቅልቁት አልከኝ። ቧንቧውን ፍታችሁ ለብቻው፣ ጎማውን ደግሞ ሁለቱንም ጫፍ ወደ ታች አድርጋችሁ ጥላ ቦታ ስቀሉት፣ አንድ ጠብታ እንኳ አይደርበት አልከኝ። እኔ እሺ፣ እሺ እያልኩ ስንቅህን እቋጥር ነበር። እሺ ማለት እንዴት ቀላል ነው፣ ወንድምዓለም!

ገና መኪናህ ቁልቁለቱን ሳይጨርስ አያ ደግሰው ከተረኛው ጋር ዕቃውን ሊወስዱ መጡ። ውኃው እንኳ አልፈላልኝም። ጽዋ ባዶውን ከቤት እንደማይወጣ ታውቃለህ፤ ጠላ ተሞልቶ፣ ዳቦ ተይዞለት ነው ለተረኛው የሚሰጠው። አያ ደግሰው ጎማውን አንስተው አዩትና «ይህስ ባዶውን ሊሄድ ነው?» አሉኝ። ለቁም ነገር አልነበረም፣ ለጨዋታ ነው። እኔ ግን ብልጥ ለመባል «ባዶውንማ አይሄድም አያ» ብዬ ከተረፈው ጠላ እስከ አፉ ሞላሁት፣ አንዱን ጫፍ በውታፍ ደፈንኩ፣ ሌላውን በቧንቧው ዘጋሁ። እጃቸውን ራሴ ላይ ጭነው መረቁኝ። በዚያው ሥርዓት ሆኖ ቀረ።

የጀመርኩት እኔ ነኝ። ይህችን አንዲት መስመር ለመጻፍ ሦስት ወረቀት ቀድጃለሁ።

ዱቄቱስ አትለኝም? ዱቄቱ እኛ ቤት ቀረ። ለጥምቀት የምለብሳትን ነጠላ ላንጣበት ብዬ ዘፈዘፍኩበት፤ ነጠላዬ ወንፊት ሆና ወጣች። የአያ ደግሰው ልጅ ባንቺዓለም «አልጣሽ ዘንድሮ ታቦቱን በወንፊት ልታጅብ ነው» እያለች መንደሩን ሁሉ አሳቀችብኝ። ወሬው አባቷ ዘንድ ሲደርስ ግን እሳቸው አልሳቁም። «ጨርቅ የሚበላ መድኃኒት በጽዋ ዕቃ አይገባም፤ ጎማው እንደተሞላ ይዙር» ብለው ቆረጡት። በግራዋ ቅጠል እንዳናሸው እጅ አይገባበት፣ በወይራ እንዳናጥነው ይቀልጣል። ለጋን የምናውቀው ሁሉ ለእሱ አልሆነም፤ እኛም የማናውቀውን ነገር «የተባረከ ነው» ብለን ተውነው።

እንግዲህ በየወሩ የሚሆነው ይህ ነው። ጎማው የወሩን ጠላ እንደያዘ ይሄዳል፤ ሰላሳ ቀን ከተረኛው ምድጃ አጠገብ ተሰቅሎ ይከርማል። በሃያ ሦስት አዲሱ በርሜል ላይ ሲገጠም መጀመሪያ የሚወጣው ያ የከረመው ነው፤ ልክ አንድ የቅል ሽክና ይሞላል። ሰው ስም አወጣለት፤ «አገናኝ» አለው፣ ያለፈውን ጽዋ ከአሁኑ ያገናኛል ማለት ነው። አይደፋም። በረከት ያስፈልገዋል ለተባለ ለአንድ ሰው ይሰጣል፤ ሌላው ከአዲሱ ይጠጣል።

የመጀመሪያዎቹን ወራት «ኮምጠጥ አለ» እያሉ ፊታቸውን ጨምደድ አድርገው ይሳሳቁ ነበር። በሚያዝያ የጠጣው ሰው ሆዱን ይዞ ሦስት ቀን ተኛ፤ ፋሲካ ነበርና «ሥጋ አብዝቶ ነው» ተባለ። በሐምሌ ለንስሐ አባታችን ለመምሬ ገብረ ሊባኖስ ተሰጣቸው። ሽክናውን ጨርሰው፣ ከንፈራቸውን ጠርገው «ምላሴን ብረት ብረት አለኝ» አሉ። እንደ ቀልድ ነው ያሉት። ማታውኑ ያስመልሳቸው ጀመር፤ በስድስተኛው ቀን ቀበርናቸው። ሰማንያ ሦስት ዓመታቸው ነበር፤ ሰው ሁሉ «ዕድሜያቸው ነው» አለ። እኔም ከአልቃሾቹ ጋር ተቀምጬ «ዕድሜያቸው ነው» ብያለሁ።

በጥቅምት ባንቺዓለም አራስ ናትና ለእሷ ይሁን ተባለ። ሁለት ሳምንት አልጋ ያዘች፤ ጡቷ ነጠፈ። ያቺ በነጠላዬ አገር ያሳቀች አፍ ውኃ እንኳ አላሳልፍ አለች። ልጇን በላማችን ወተት ነው ያሻገርነው። አያ ደግሰው በሩ ላይ ተቀምጠው፣ በትራቸውን በጉልበታቸው መካከል አቁመው ይውሉ ነበር። ክፉ ሰው እንዳይመስሉህ፤ የልጅ ነገር ነው።

ከዚያ ነው ያቺ ቃል ዞራ የመጣችው። ማን መጀመሪያ እንዳነሳት እንጃ፤ ከጉድጓድ ውኃው ላይ ሰማኋት፣ ከወፍጮ ቤት ሰማኋት፣ ከቤተ ክርስቲያን አጥር ሥር ሰማኋት። «ጋኔን ጡረታ አወጣብኝ ብላ አልነበር? ያን ቀን ልቧ ቆስሎ ነው ዓይኗ የወጋን» ይላሉ። «ባንቺዓለም ስትጠጣ በሩ ላይ ቆማ ታያት ነበር» ይላሉ። አዎን፣ ቆማ ነበር፤ ማንም ቦታ ስላልለቀቀላት ነው የቆመችው! ቅዳሜ ገበያ አራት ማሰሮ ተሸክማ ወርዳ አራቱንም ተሸክማ ተመለሰች። ውኃ የሚቀዱት ሴቶች እሷ ስትመጣ እንስራቸውን በነጠላ ይሸፍናሉ። እሷ ይህን እያየች «ዛሬ ነፋስ በዛ መሰል፣ ሁሉም ይሸፋፈናል» ትላለች። መሳቋ ነው የሚያስፈራኝ።

በኅዳር ሃያ ሦስት ጽዋው ከአያ ደግሰው ቤት ነበር። ቀጣዩ ተራ የእኛ ስለሆነ አገናኙን ለእምዬ ሰጧት። ወንድምዓለም፣ አትደንግጥ፤ አሁን ተነስታለች። ግን ስድስት ቀን እንደ ጨርቅ ታጥፋ ነበር። ቀለበቷ ከጣቷ ወልቆ ሁለት ጊዜ ከመኝታዋ ሥር አግኝቼዋለሁ። ጤና ጣቢያ ወሰድናት፤ እዚያ ያለችው ልጅ «እማማ፣ ምን በልተው ነበር?» ብላ ስትጠይቃት «ከጽዋው በቀር ምንም» አለቻት። ልጅቱም ጽዋን የምትጠረጥር አይደለችም፤ በውኃ የሚበጠበጥ ጨውና ስኳር ሰጥታ ሰደደችን።

በዚያው ሳምንት እሑድ ከቅዳሴ በኋላ አያ ደግሰው ማኅበሩን አጥሩ ሥር ሰበሰቡ። ድምፃቸውን ከፍ አላደረጉም። «እኔ ማንንም አልከስስም፤ ጽዋው ራሱ ይፍረድ» አሉ። «በታኅሣሥ ሃያ ሦስት አገናኙን የሺሃረግ ትጠጣለች። ሆዷ ንጹሕ ከሆነ በረከት ይሆናታል፣ እኔም በሁላችሁ ፊት እግሯ ላይ እወድቃለሁ። ካልሆነ ግን በጠጣችው ይታወቃል፤ ከዚያ ወዲያ በአንድ አገር አንኖርም» አሉ። ሽማግሌዎቹ «ይሁን» ብለው ራሳቸውን ነቀነቁ። ከኋላዬ ከቆሙት ጎረምሶች አንዱ ግን «ቤቷ ሣር ክዳን ነው፣ ለማስወጣት ብዙ አያደክምም» ብሎ ሲንሾካሾክ ሰማሁት። ዞር ብዬ ሳየው ክብሪቱን እያገላበጠ ጥርሱን ይጎረጉርበት ነበር።

ማንም እንዳይነካካው ብለው የጎማውን ሁለቱንም ጫፍ በጧፍ ሰም አሽገው፣ በጥቁር ክር ጠምጥመው ለእኛ አስረከቡን። አሁን ይህን ስጽፍልህ ከፊት ለፊቴ ከጎታው ላይ ተንጠልጥሏል። አያ ደግሰው በየሁለት ሦስት ቀኑ መጥተው ሰሙን በጣታቸው ዳስሰው ይወጣሉ።

ባለፈው ሐሙስ እምዬ ተኝታ ሳለ አውርጄ በር ላይ ወደ ፀሐይ ያዝኩት። ስታመጣው ጎማው እንደ ብርጭቆ የጠራ ነበር፤ ጣቴ በወዲያ በኩል ይታየኝ ነበር። አሁን ውስጡን እንደ እንቁራሪት ጀርባ ያለ ነገር አልብሶታል። ጎንበስ ያለበት ቦታ ላይ ጥቁር ነገር ተኝቷል፤ ጎማውን ሳዘነብለው ያ ጥቁር ነገር እንደ ቀንድ አውጣ ቀስ እያለ ይንሸራተታል። ከነሐስ ቧንቧው አጠገብ ደግሞ ጠላው ጠላ አይመስልም፤ አረንጓዴ ነው፣ ወደ ሰማያዊ የሚሄድ አረንጓዴ። በሽክና ሲቀዳ ይህን ማን ያየዋል? የሽክና ሆድ ጥቁር ነው።

ያኔ ቁጭ ብዬ የታመሙትን አንድ በአንድ አሰብኳቸው። የሚያዝያው ሰውዬ፣ መምሬ፣ ባንቺዓለም፣ እምዬ። አራቱም አገናኙን የጠጡ ናቸው። ከእነሱ ቀጥሎ ከዚያው ቧንቧ አምስትና ስድስት ሽክና የጨለጠው ሕዝብ ሁሉ እየዘፈነ ነው ወደ ቤቱ የገባው። ዓይን ቢሆን አንዱን ብቻ መርጦ፣ ያውም ሁልጊዜ የመጀመሪያውን ሽክና መርጦ ይመታል?

ለከፋለ ነገርኩት። ማረሻውን እየጠገነ ነበር፤ ቀና ሳይል «አልጣሽ፣ የመምሬን ሞት አንስተሽ በእኛ ደጅ ልትቀብሪው ነው?» አለኝ። ለእምዬ ነገርኳት። «ልጄ ያመጣው ዕቃ ሰው ገደለ ይባልልኝ?» አለች። ከዚያ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ «የሺሃረግ ጠንካራ ናት፤ አንድ ሽክና አይገድላትም» አለች። ወንድምዓለም፣ ይህን ያለችው እናታችን ናት። ሕፃን እንደ እንቁላል ተጠንቅቃ የምትይዝ ያቺው እናታችን። ስላንተ ስትል ነው። ለዚህ ነው ደብዳቤውን ደብቄ የምጽፈው።

ሰሙን በስውር ፈትቼ፣ እንዳልከኝ አጥቤና አድርቄ፣ ንጹሕ ጠላ ሞልቼ ብመልሰውስ ብዬ አስቤ ነበር። ሁለት ጊዜ ቢላዋ አንስቻለሁ። ግን ያ ጥቁር ክር ቋጠሮው የአያ ደግሰው ነው፤ እንደሳቸው ማንም አይቋጥርም። ተፈትቶ ካገኙት «የሺሃረግ በአልጣሽ እጅ ገባችበት» ይሉና ሃያ ሦስትን እንኳ አይጠብቁላትም። ባይነቁብኝ ደግሞ እሷ ትድናለች፤ ጎማው ግን እንደገና ተሞልቶ ይሄዳል፤ በጥር አንዱ፣ በየካቲት ሌላው ይጠጣዋል። እኔም በየወሩ ማን እንደተሰጠው እየጠየቅሁ ልኖር ነው።

ትናንት ከቀትር በኋላ የሺሃረግ ራሷ መጣች። ለእምዬ ተራ መታሰቢያ ብላ አዲስ ጋን ሠርታ፣ በጭድ ጠቅልላ፣ ያን ዳገት በጀርባዋ አዝላው ወጣች። እምዬ ከመኝታዋ አልተነሳችላትም። እኔ ውኃ ሰጠኋት። ጎማውን ከጎታው ላይ አየችው። «ይህ ነው የምጠጣው?» አለችኝ። «ይህ ነው» አልኳት። «ደግ ነው፤ እኔ ሆዴ ውስጥ ምንም የለኝም። ከሃያ ጀምሬ እህል ሳልቀምስ ሦስት ቀን ጾሜ፣ በባዶ ሆዴ ነው የምጠጣው፤ እንዲያውም ይረፉ» አለች። በባዶ ሆድ! ልንገራት ብዬ አፌን ስከፍት እምዬ ከውስጥ ጠራችኝ። ከውስጥ ስመለስ ሄዳለች፤ ጋኑ ብቻ በር ላይ ቆሟል። ዝናብ የመታው መሬት ይሸታል።

ስለዚህ የምለምንህ ይህን ነው። መልሱን ለእኔ ሳይሆን ለአያ ደግሰው አድርገህ ጻፍ። አንተ በየቀኑ የድራፍት ጎማ የምታጥብ ሰው መሆንህን ጻፍ። ጠላም ሆነ ቢራ በጎማ ውስጥ ከርሞ ምን እንደሚሆን፣ ኮምጣጣ ነገር ነሐስ ላይ ሲተኛ ምን እንደሚያወጣ፣ ባለሙያ በሚያውቀው ልክ፣ አያ ደግሰው በሚገባቸው ቃል ጻፍ። ለእህቴ እጠቡት፣ ፍቱት፣ አድርቁት፣ ባዶውን ስቀሉት ብዬ ነግሬአት ነበር፤ ሳትሰማ ቀርታ የሞላችው እሷ ናት ብለህ ጻፍ። ስሜን አትደብቅ። ቃለሕይወት በማኅበሩ ፊት ያነበዋል፤ የእኔን አፍ ባይሰሙ የዲያቆን ንባብ ይሰማሉ።

መልስህ ባይደርስስ? መንገዱ ሊዘጋ ይችላል፣ ቃለሕይወት ሊታመም ይችላል። ያኔ የማደርገውን ወስኛለሁ። ከገለቴ ሻይ ቤት አንድ የጠራ ብርጭቆ ለምኜ መጥቻለሁ፤ አሁን በቀሚሴ እጥፋት ውስጥ ነው። ሰሙ በሁሉም ፊት ሲፈታ ሽክናውን እቀድማለሁ፤ ብርጭቆውን ከቧንቧው ሥር እደቅናለሁ፣ ወደ በሩ ብርሃን አወጣዋለሁ። ይዩት። ከዚያ «ጎማውን መጀመሪያ የሞላሁት እኔ ነኝ» እላለሁ። ከፋለ ምን እንደሚለኝ አላውቅም፣ አያ ደግሰው ምን እንደሚሉ አላውቅም፤ የመምሬ ልጆችም እዚያው ይቀመጣሉ። እነዚያን ጎረምሶችም አስባለሁ፤ ከየሺሃረግ ደጅ ያነሱትን ዓይን የት እንደሚያሳርፉት እንጃ። የኛም ቤት ግማሹ ሣር ነው።

ብቻ አንተ ቶሎ ጻፍ።

እንግዲህ ሰላምታዬን ልጨርስ። ማኅሌትን ጉንጯን ስመህ ሰላም በልልኝ፤ የላከችው ሻሽ ደርሶኛል፣ እግዜር ይስጣት። ገና በዓይኔ ያላየኋትን ምሥራቅን ሳምልኝ። እምዬ ሰላም ብላሃለች፤ «ወገቡን በገመድ አጥብቆ ይሥራ» ብላሃለች፤ ይህን ደብዳቤ ስለ ገብሱ የምጽፍልህ ነው የሚመስላት። ከፋለ በርቱ ብሏችኋል። ባንቺዓለም ተነስታለች፤ ጠቁራለች እንጂ ጨዋታዋ እየተመለሰ ነው፣ «ወንፊቷን ነጠላ እስካሁን ይዛታለች በለው» ብላለች። አያ ደግሰውም እሑድ ሰሙን ዳስሰው ሲወጡ «ምሥጋናውን ሰላም በይልኝ፣ የተባረከ ልጅ ነው» አሉኝ።

የሺሃረግም ሰላም ብላሃለች። ትናንት ስትመጣ በር ላይ ጭዱን ከልብሷ እያራገፈች እንዲህ በይው አለችኝ፤ ቃሏን ሳልጨምር ሳልቀንስ ልጻፍልህ፦ «ያ ከአመዴ ያወጣሁት ልጅ ያመጣው ዕቃ ነው፣ እንዴት ክፉ ይሆንብኛል? በሃያ ሦስት የመጀመሪያውን ሽክና የምቀምሰው እኔ ነኝ። ሳነሳው ስሙን ጠርቼ ለእሱ ጤና እጠጣለታለሁ።»

እህትህ አልጣሽ

ላስታ፣ ከላሊበላ በላይ
ታኅሣሥ 8 ቀን 2018 ዓ.ም.